ስለ ኅዳር በሽታና ስለ 1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታውና በአገራችን የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወሰው ሕመም፣ በዚያው ሰሞን ከአላስካ እስከ ኒውዚላንድ ሰው ይፈጅ የነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት አንድ ተሕዋስ የአንዱን መንደር ሕዝብ ጨርሶ ጎረቤቱን ሳይነካ ለምን እንዳለፈ በመጠየቅ ላይ ነው። ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኅዳር በሽታ ተራ ጉንፋን ነበር ወይስ ሌላ በሽታ?

ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከሚመላለሰው እጅግ የከፋ ዓይነት ነበር። ዛሬ ኤች1ኤን1 ከሚባለው ወገን የሚመደበው ይህ ቫይረስ ለአብዛኛው ሰው ሰውነት እንግዳ ስለነበረ፣ በጊዜው ከነበረው የዓለም ሕዝብ ሲሶ ያህሉን እንደያዘ ይገመታል። የሟቹ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊዮን ገደማ ይባላል፤ ከዚህ በብዙ ያነሰ ግምት የሚሰጡም፣ እስከ 100 ሚሊዮን የሚያደርሱትም አሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹን ለሞት ያበቃቸው ቫይረሱ ያቆሰለው ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ነበር። ክትባት አልነበረም፤ አንቲባዮቲክ ገና አልተገኘም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው። ስለዚህ በ1918 የለንደን ሐኪምና የአዲስ አበባ መድኃኒት አዋቂ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ባለመያዝ እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። በአገሮች መካከል የታየውን ልዩነት ስንመረምር ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ልዩነቱን ያመጣው የመድኃኒት መኖርና አለመኖር አልነበረምና።

በሽታው ከየት ተነሣ? የስፔን ጉንፋን የሚል ስም ለምን ተለጠፈበት?

መነሻው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በማርች 1918 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ካምፕ ፈንስተን በተባለው የጦር ሰፈር ብዙ ወታደሮች መታመማቸው በመዝገብ ከተያዙት ቀደምት ክስተቶች አንዱ ነው። ስፔን ግን በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ የንጉሥ አልፎንሶ 13ኛን መታመም ጨምሮ ወሬውን በግልጽ ጻፉ፤ ተዋጊዎቹ አገሮች በበኩላቸው የወታደሩ ልብ እንዳይሸበር ወሬውን ያፍኑ ስለነበር፣ በሽታው የተናገረችው አገር በሽታ ሆኖ ቀረ።

ቫይረሱ አንድ ከሆነ ጉዳቱ ለምን ይህን ያህል ተለያየ?

አንድ ብቸኛ ምክንያት የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሁሉ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው በሽታው መቼ እንደደረሰ፣ ሁለተኛው ደግሞ በደረሰ ጊዜ በሽተኛውን ለማስታመም በእግሩ የቆመ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ ወረርሽኙ የመጣው በሦስት ዙር ነበር። በ1918 የጸደይ ወራት የታየው የመጀመሪያው ዙር ብዙ ሰው አስተኝቶ በንጽጽር ጥቂት ሰው ገደለ። በኦገስት ግን በሴራሊዮን ፍሪታውን፣ በፈረንሳይ ብሬስትና በአሜሪካ ቦስተን ወደቦች በአንድ ሰሞን የታየው ሁለተኛው ዙር ገዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስተኛውም በ1919 መጀመሪያ ተከተለ። በመጀመሪያው ዙር ታሞ የዳነ ሰው ሁለተኛውን የሚቋቋምበት አቅም ስለሚያገኝ፣ ቀለል ያለው በሽታ ቀድሞ የጎበኛቸው ቦታዎች በኋላ ጉዳታቸው ቀነሰ። አውስትራሊያ ደግሞ ከኦክቶበር 1918 ጀምሮ መርከቦችን በየወደቡ ኳራንቲን (ለይቶ ማቆያ) እያስገባች በሽታውን እስከ ጃንዋሪ 1919 አዘገየችው፤ በገባ ጊዜ ኃይሉ በርዶ ነበር። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበራት አውስትራሊያ የሞተው ከ12,000 እስከ 15,000 ሰው ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ በነበራት ጎረቤቷ በኒውዚላንድ ግን 9,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ያውም አብዛኛው በሁለት ወር ውስጥ።

በዚያችው በኒውዚላንድ ሞቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የአገሬው ተወላጅ የሆኑት ማኦሪዎች የሞት መጠን ከአውሮፓ ከመጡት ሰፋሪዎች በሰባት ወይም በስምንት እጥፍ ይበልጥ ነበር። መሬታቸውን አጥተው በጠባብ ቤት ተፋፍገው የሚኖሩ፣ ከሐኪምና ከሆስፒታል የራቁ፣ አንዱ ቤት ሲታመም ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠይቅባቸው መንደሮች ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በሽተኛ መጠየቅና ለቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት ማኅበረሰብ ተላላፊ በሽታ የሚጓዘው በክፋት ሳይሆን በደግነት መንገድ ነው።

ስለ ሁለቱ ሳሞአዎች የሚነገረው ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በወረርሽኝ ታሪክ ውስጥም እንዲህ ጥርት ያለ ማነጻጸሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ኒውዚላንድ በጦርነቱ መጀመሪያ ከጀርመን የወሰደቻት ምዕራብ ሳሞአና የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚያስተዳድራት አሜሪካን ሳሞአ ሕዝባቸው አንድ፣ ቋንቋቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ባሕር ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ከኦክላንድ የተነሣች ታሉን የተባለች መርከብ በሽተኞችን ይዛ የምዕራብ ሳሞአ ዋና ከተማ ወደሆነችው አፒያ ደረሰች፤ ተሳፋሪዎቹም እንዲወርዱ ተፈቀደላቸው። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ 38,000 ያህል ከነበረው ሕዝብ 8,500 ገደማው ሞተ፤ ከአምስት ሰው አንድ ከሚለው ስሌት ይበልጣል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ሲወድቅ ውኃ የሚያቀብል፣ ምግብ የሚያበስልና ሬሳ የሚያነሣ ሰው ስለጠፋ፣ በቀላል እንክብካቤ ሊተርፍ የሚችለው ሰው ጭምር በረኃብና በጥም ሞተ።

በአሜሪካን ሳሞአ የነበረው አስተዳዳሪ ጆን ፖየር በሽታው በአካባቢው መሰራጨቱን እንደሰማ ወደቡን ዘጋ። የደሴቶቹ ነዋሪዎችም ራሳቸው የባሕር ዳርቻውን ተራ እየገቡ ጠበቁ፤ ከወዲያ ማዶ በታንኳ የሚመጣ ዘመድ እንኳ እንዲወርድ አልተፈቀደለትም። በዚያ በኢንፍሉዌንዛ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ፖየር የሐኪሞች እርዳታ ለመላክ ያቀረበውን ጥያቄ የምዕራብ ሳሞአ አስተዳዳሪ የነበረው ሮበርት ሎጋን ሳይቀበለው ቀረ። ብዙ የአገር ሽማግሌዎችን የጨረሰው ይህ መዓት በሕዝቡ ልብ ያሳደረው ቂም በኋላ የኒውዚላንድን አገዛዝ ለተቃወመው የማው ንቅናቄ አንዱ መነሻ ሆነ፤ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክም በ2002 በመንግሥታቸው ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

አንባቢ ከዚህ «መዝጋት ሁልጊዜ ያድናል» የሚል ትምህርት እንዳይወስድ ማሳሰብ ያስፈልጋል። አሜሪካን ሳሞአ 8,000 ያህል ሕዝብ ብቻ የሚኖርባት፣ ምግቧን ከራሷ የምታገኝና በአንድ አዛዥ የምትመራ ደሴት ነበረች። ይህን ማድረግ የሚችል አገር በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ደሴት ያልሆኑ ከተሞችስ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?

በዚህ ረገድ ዘወትር የሚጠቀሱት ሁለት የአሜሪካ ከተሞች ናቸው። ፊላደልፊያ በሽታው በሴፕቴምበር አጋማሽ መግባቱን እያወቀች፣ ለጦርነቱ ማስኬጃ የሚሆን የመንግሥት ቦንድ ለመሸጥ የተዘጋጀውን የአደባባይ ሰልፍ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 አካሄደች፤ 200,000 ያህል ሰው ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሆስፒታል አልጋ ጠፋ፤ በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥም ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ። በሴንት ሉዊስ ግን የከተማው የጤና ኃላፊ ማክስ ስታርክሎፍ የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች በከተማው ነዋሪ መካከል በታዩ በሁለት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤቶችን፣ ቴአትር ቤቶችን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና ሌሎች መሰብሰቢያ ቦታዎችን አዘጋ። የከተማዋ የሞት መጠን ከፊላደልፊያ በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግን ያን ያህል አስደሳች አይደለም። ሴንት ሉዊስ እገዳውን ባላላች ጊዜ በሽታው ተመልሶ መጣና እንደገና መዝጋት ግድ ሆነ፤ ነጋዴውም አጥብቆ አማረረ። በሳን ፍራንሲስኮም ጭምብል የማድረግ ግዴታን የሚቃወም ማኅበር በጃንዋሪ 1919 ተቋቁሞ ነበር። በ2020 ያየነው ንትርክ አዲስ የመሰለን ያለፈውን ስለረሳን ነው።

በአፍሪካ በሽታው የተዛመተው በምን መንገድ ነው?

በመርከብና በባቡር ነው። በኦገስት 1918 አጋማሽ ማንቱዋ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የታመሙ መርከበኞችን ይዛ ፍሪታውን ገባች፤ ለመርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚጭኑት የወደብ ሠራተኞች በሽታውን ወደ ከተማው ወሰዱት። ከዚያው ወደብ የተነሡ ወታደር ጫኝ መርከቦች በሴፕቴምበር ኬፕታውን አደረሱት፤ ደቡብ አፍሪካም ሰፊ የባቡር መስመር ስለነበራት በሳምንታት ውስጥ አገሪቱን አዳረሰ። የሟቹ ቁጥር 300,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

በደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን አንድ ሊታለፍ የማይገባው ልዩነት አለ። በኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ሠራተኞች በተፋፈጉበት የታጠረ ሰፈር ውስጥ ሞቱ እጅግ የከፋ ሲሆን፣ በጆሃንስበርግ አካባቢ በሚገኙት የወርቅ ማዕድኖች ግን ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነበር። የሠራተኛው አኗኗር በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ነበር። ወደ ወርቅ ማዕድኖቹ በደርባን በኩል ቀለል ያለው የበሽታው ዓይነት ቀድሞ በመግባቱ ሠራተኛው ገዳዩ በመጣ ጊዜ በከፊል ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ኪምበርሊን ግን በኬፕታውን በኩል የመጣው ገዳዩ ባዶ እጇን አገኛት።

በሕንድ ያን ያህል ሕዝብ ያለቀው ለምንድን ነው?

በየትኛውም አገር ከሞተው የሚበልጥ ሰው የሞተው በሕንድ ነው፤ ግምቱ ከ12 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ሲሆን ከዚህም የሚያልፉ አሉ። በሽታው በጁን 1918 በቦምቤይ ወደብ ገባ፤ ገዳዩ ዙር በመኸር በደረሰ ጊዜም የዚያ ዓመት የክረምት ዝናብ ቀርቶ ሰብል ጠፍቶ፣ የእህል ዋጋ ንሮ ነበር። የተራበ ሰው ሳንባ ምች መቋቋም አይችልም። የቦምቤይ ከተማ የሞት መዝገብ ደግሞ ወገን ለይቶ ይመዘግብ ስለነበር ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ዝቅተኛ ተብለው ከተፈረጁት ሂንዱዎች ከ1,000 ሰው ከ60 በላይ ሲሞት፣ ከአውሮፓውያኑ ነዋሪዎች የሞተው 8 ያህል ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ሰሞን፣ አንድ ቫይረስ ነው፤ የተለየው የሚበላውና የሚታደርበት ነው።

ገጠርና ሩቅ ቦታ መኖር ያድን ነበር?

በሽታው እስካልደረሰ ድረስ ብቻ ነው። በአላስካ ዛሬ ብሬቪግ ሚሽን በምትባለው መንደር በኖቬምበር 1918 ከ80 ያህል አዋቂዎች 72ቱ በአምስት ቀን ውስጥ ሞተዋል። ርቀት ከበሽታው ይሰውራል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ምንም ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ የማያውቀው ማኅበረሰብ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታመማል፤ እርዳታም በጊዜ አይደርስለትም።

ከሕፃናትና ከአረጋውያን ይልቅ ጎልማሶች ለምን ሞቱ?

በየዓመቱ የሚመጣው ኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚገድለው ሕፃናትንና አረጋውያንን ሲሆን፣ በ1918 ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉት ጎልማሶች ባልተለመደ ብዛት ሞቱ፤ ነፍሰ ጡሮችም በተለይ ተጎዱ። አንዳንድ ተመራማሪዎች አረጋውያኑ በወጣትነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ አግኝቷቸው ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የጎልማሳው ሰውነት የሰጠው ከመጠን ያለፈ የመከላከል ምላሽ ራሱን ሳንባውን እንደጎዳው ያስረዳሉ። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አራሹ፣ እናቲቱና አስታማሚው ስለታመሙ የቤቱ ምሰሶ ወደቀ።

በአዲስ አበባ በሽታው እንዴት ገባ? ስንት ሰውስ ሞተ?

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ስለሆነ፣ በሽታው በዚሁ መስመር ከባሕር ጠረፍ እንደመጣ ይታመናል። የአውሮፓው ጦርነት ማብቂያ ስምምነት የተፈረመው ኖቬምበር 11፣ በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው ዓለም ሰላም ሆነ ብሎ አደባባይ ሲወጣ አዲስ አበባ ሬሳዋን ታነሣ ነበር። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ዳኑ። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ ገልጸዋል። ከዚህ ያነሰ ግምት የሚሰጡም አሉ፤ በዝቅተኛው ግምት እንኳ ቢሆን ለዚያች ትንሽ ከተማ እጅግ ከባድ ነው። ከከተማዋ ውጭ ባሉት አውራጃዎች ስለደረሰው ጉዳት ግን አኃዝ የለም፤ የሚነገረው አብዛኛው ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ትዝታ ነው።

እንደ ሳሞአ ሁሉ በዚህም ችግሩን ያባባሰው አስታማሚና ቀባሪ መጥፋቱ ነበር። በባህላችን ሬሳን በወግ መቅበር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ ወር ግን መቃብር ቆፋሪው፣ ቄሱና ዘመዱ አብረው ስለታመሙ ብዙው ያለ ፍትሐት ተቀበረ።

ኅዳር ሲታጠን ከዚህ በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጭሱስ ጥቅም ነበረው?

በኅዳር 12፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድ በብዛት የሚያያዘው ከዚህ ወረርሽኝ ጋር ነው፤ በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል የሚለው እምነት በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ገና አልጠፋም ነበር። ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ስለሆነ ጭሱ ቫይረሱን አይከላከልም፤ አስምና የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ግን ይጎዳል። ሰፈርን ማጽዳቱ ይቀጥል፤ ፕላስቲክና ጎማ ማቃጠሉ ይቅር የሚለው የጤና ባለሙያዎች ምክር ትክክል ነው።

በኮቪድ-19 ጊዜስ ተመሳሳይ ልዩነት ታይቷል?

ታይቷል፤ መልኩ ግን በከፊል ተገልብጦ ነበር። ኮቪድ በዋናነት የገደለው አረጋውያንን ስለሆነ፣ ሕዝባቸው በአብዛኛው ወጣት የሆነ የአፍሪካ አገሮች ሀብታም ከሆኑት የሰሜን ጣሊያን አውራጃዎች ያነሰ ሞት መዘገቡ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በሽተኛ ይፋ ያደረገችው ማርች 13 ቀን 2020 ነው።

ክትባቱ ሲመጣ ልዩነቱ ወደ ተለመደው ቦታው ተመለሰ። በእንግሊዝ ክትባት መስጠት የተጀመረው በዲሴምበር 2020 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ክትባትን ለአገሮች በፍትሐዊነት ለማዳረስ በተቋቋመው ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በኩል የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ክትባት የተረከበችው በማርች 2021 ነው። በስደት ያሉት ወገኖቻችንም ዕጣቸው አንድ አልነበረም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱት፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩት ሐበሾች ሥራቸውን ቤት ሆነው መሥራት አልቻሉም። ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በ2020 ወረርሽኙ ሳይረግብ ተባረው ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ለይቶ ማቆያ ገብተዋል።

የሟቾችን ቁጥር አገር ከአገር ማወዳደር ይቻላል?

በጥንቃቄ ነው። ብዙ ሞት የመዘገበ አገር አንዳንድ ጊዜ በደንብ የቆጠረ አገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 ከኮቪድ ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተያያዘው ተጨማሪ ሞት 14.9 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ሲገምት፣ አገሮች በይፋ ያሳወቁት 5.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በመካከሉ ያለው ሰፊ ክፍተት በአብዛኛው የሚገኘው ሞት በማይመዘገብባቸው አገሮች ነው። በኢትዮጵያ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍቺን የሚይዘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቦምቤይ መዝገብ በ1918 በወገን ለይቶ ያስቀመጠውን ዓይነት አኃዝ ለኅዳር በሽታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የተሻለው መንገድ የቤተ ክርስቲያን መዛግብትን፣ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች የጻፉትን ማስታወሻና በየቤተሰቡ የሚነገረውን ቃል አንድ ላይ አድርጎ ማመሳከር ነው።